ማልታ፦ አንድ ቤተሰብ በአራት ዓይነት ወረቀት

«ማልታ እኮ ቪዛ አያስፈልግም!» የሚለውን ከባሕር ማዶ ልጆቻችን በስልክ የሰማን ወላጆች ጥቂት አይደለንም። ልጆቹ አልዋሹም። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደዚያች የሜዲትራኒያን ደሴት ለአጭር ጉብኝት ሲሄድ ቪዛ አይጠየቅም። አዲስ አበባ ተቀምጣ የልጅ ልጆቿን በስልክ የምታያቸው አያት ግን የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ እሷ ትጠየቃለች። ስለዚህ ቤተሰብ ማልታ ላይ ሊገናኝ ካሰበ፣ ዕቅዱ መጀመር ያለበት ቪዛ ከማያስፈልገው ልጅ ሳይሆን ቪዛ ከሚያስፈልጋት እናት ነው። ቲኬት ቆርጦ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ፈቃድ ወስዶ ሲያበቃ «እማዬ፣ አንቺም ነይ» ማለት ነገሩን ከጭራው መያዝ ነው።

የእኛን ቤት ምሳሌ ላድርግ። ባለፈው ዓመት ሰኔ ማልታ ላይ የተገናኘነው ሰባት ሰዎች ነን። እኔና ባለቤቴ፣ ሚኒሶታ የምትኖረው ልጃችን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እንዲሁም ጀርመን ያለው ወንድሟ። ልጄና ልጆቿ የአሜሪካ ፓስፖርት አላቸው። ባሏ ግሪን ካርድ አለው፤ ዜግነቱን ግን ገና አላገኘም። ጀርመን ያለው ልጄ ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ይዟል። እኔና ባለቤቴ፣ ጡረተኛ ነርስና ጡረተኛ መምህር፣ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት በቀር ሌላ ወረቀት የለንም። ስምንተኛዋ ዱባይ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ነበረች፤ እሷ አልመጣችም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ታናሺቱን የልጅ ልጄን ከተወለደች ጀምሮ በአካል አይቻት አላውቅም ነበር። አምስት ዓመት ሞልቷታል።

ለምን ማልታ ካላችሁ፣ ለአዲስ አበባም ለሚኒሶታም የሚያስታርቅ መሐል ቦታ ስለሆነች ነው። ደግሞም ትንሽ ናት፤ ሦስት ሰው የሚኖርባቸውና የማይኖርባቸው ደሴቶቿ ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናቸው። ጉልበቱ የሚያመው ባለቤቴ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመሄድ ረጅም መንገድ መቀመጥ አላስፈለገውም።

ማን ይጠየቃል፣ ማን አይጠየቅም

ማልታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች፤ በ2007 መጨረሻ ደግሞ ሼንገን የሚባለውን የጋራ ድንበር ተቀላቀለች። ስለዚህ የአጭር ጊዜ መግቢያ ሕጓ ከጣሊያን ወይም ከጀርመን የተለየ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሮም በኩል የሚሄድ ሰው ፓስፖርቱ የሚመረመረው ሮም ላይ ነው፤ ከሮም ወደ ማልታ ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይቆጠራል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ወረቀቶቻቸውን በሻንጣ አስጭነው ሮም ላይ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። የሚጠየቀው ወረቀት ሁሉ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ያለ ቪዛ የሚገባው ሰው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ቀኑ የሚቆጠረው ለማልታ ብቻ ሳይሆን ለሃያ ዘጠኙ የሼንገን አገሮች በአንድ ላይ ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ጁን 1 የገባ ሰው ሳይወጣ ከቆየ ኦገስት 29 የመጨረሻ ቀኑ ነው። በክረምት ስዊድን ያለች አክስቱ ዘንድ ሁለት ወር የከረመ የልጅ ልጅ ካለ፣ ያ ሁለት ወር ተቀንሶ ነው ለማልታ የሚቀረው። ፓስፖርቱም ከሼንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ቪዛ አለመጠየቅ ጥያቄ አለመጠየቅ አይደለም። የድንበር ሹሙ የት እንደምታርፉ፣ መቼ እንደምትመለሱና በምን ገንዘብ እንደምትቆዩ ሊጠይቅ ይችላል። ልጄ የቤቱን አድራሻና የመመለሻ ቲኬቷን አትማ ይዛ ስለነበር ንግግሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

እኛ ከተመለስን በኋላ የተለወጠ ነገር አለ። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ጀምሮ በሼንገን ድንበር ፓስፖርት ላይ ማኅተም መምታቱ ቀርቶ የጣት አሻራና የፊት ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር መመዝገብ ጀምሯል፤ እስከ ሚያዝያ 2 ቀን 2018 በየመግቢያው ሁሉ እንዲዳረስም መርሐ ግብር ተይዞለት ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሻራ አይሰጡም፤ ፎቶግራፍ ግን ይነሳሉ። የቆይታ ቀን አልፎ «ማኅተሙ አይነበብም ነበር» ብሎ ማለፍ ከእንግዲህ የለም። ከዚህ ሌላ ቪዛ የማይጠየቁት መንገደኞች ቀድመው በኢንተርኔት የሚሞሉት የጉዞ ፈቃድ በ2026 መጨረሻ ገደማ እንዲጀመር ታቅዷል። ክፍያው 20 ዩሮ ነው፤ ከ18 ዓመት በታችና ከ70 ዓመት በላይ የሆኑት ፈቃዱን ይጠይቃሉ እንጂ አይከፍሉም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መጀመሩንና አለመጀመሩን ከአውሮፓ ኅብረት ይፋ ገጽ ላይ ልጆቻችሁ ይዩላችሁ። መንገድ ላይ «እኛ እናስፈጽማለን» የሚሉ ደላሎች እንደሚበዙ ከወዲሁ ይታየኛል።

አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ቦታ ደረስን። ግሪን ካርድ የአሜሪካ ፓስፖርት አይደለም። አማቼ አሜሪካ አሥር ዓመት ቢኖርም፣ ቢሠራም፣ ግብር ቢከፍልም፣ የያዘው ፓስፖርት የኢትዮጵያ እስከሆነ ድረስ ማልታ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድም፣ የዱባይ ወይም የሳዑዲ ኢቃማም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሼንገን አያስገባም። በተቃራኒው ጀርመን ያለው ልጄ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱና በመኖሪያ ካርዱ ብቻ ያለ ቪዛ መጣ፤ ካርዱን የሰጠው የሼንገን አገር ነውና። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ልጆች፣ አንዱ ይገባል፣ የአንዷ ባል ወረፋ ይይዛል። ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ትቼ፣ እንዲህ መሆኑን ቀድሞ ማወቁ ይበጃል እላለሁ።

የእናትና የአባት ማመልከቻ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ሕጉ ከበፊቱ ጠብቋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ መልስ የሚያገኝበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ተደርጓል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ታግዷል፤ አንዳንድ ማስረጃዎችን በቸርነት ማለፍም ቀርቷል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል፣ እኔ የምመክረው ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ነው። ለአዋቂ ሰው ክፍያው 90 ዩሮ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። ሮም ላይ ሁለት ሰዓት ስለምትቀመጡ ብቻ ለጣሊያን አታመልክቱ።

አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ማለት ከሼንገን ከወጡ አይመለሱም ማለት ነው። ከማልታ በመርከብ ሲሲሊ ሄዶ ማደር ይቻላል፤ ጣሊያን ናትና። ቱኒዚያ ጎረቤት ናት ብሎ ጎራ ማለት ግን የጉዞው መጨረሻ ይሆናል።

የሚጠየቁት ወረቀቶች ብዙ ቢሆኑም ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ለምን ትሄዳለህ፣ በማን ወጪ፣ ለምንስ ትመለሳለህ ነው። ለጡረተኛ ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለውማ። እኛ የጡረታ መታወቂያችንን፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና ልጃችን ወጪያችንን እንደምትሸፍን የጻፈችውን ደብዳቤ ከባንክ ማስረጃዋ ጋር አቀረብን። የጉዞ ጤና ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሼንገን አገሮች ሁሉ የሚያገለግል መሆን አለበት።

በእኛ አገር ሰው ላይ ብቻ የሚደርሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። እኛ በአባት ስም እንጠራለን፤ ልጄ ደግሞ አሜሪካ ስትገባ የባሏን ስም ወስዳለች። ማመልከቻውን የሚያየው ሰው የእኔን ስምና የእሷን ስም ሲያነጻጽር የሚገናኝ ፊደል አያገኝም። እናትነቴን የሚያስረዳው የልደት ምስክር ወረቀቷ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይቀመጥ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ትርጉም ቤት የልደት ዘመንን ሳይቀይር እንዳለ ከጻፈው፣ እናት በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታረጃለች፤ ከፓስፖርቷም ጋር ይጣላል። የተተረጎመውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት መነጽር አድርጋችሁ በቀኑም በስሙም ፊደል ላይ ተቀመጡ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ የሁሉም አለቃ ነው።

ስለ አሻራም ላንሳ። ለአርባ ዓመት በሳሙናና በበረኪና የታጠበ እጅ፣ የእርሻ እጅ፣ እንጀራ የጋገረ እጅ፣ መስመሩ ይጠፋል። ማሽኑ ደጋግሞ አላነብም ሲል አሮጊቶች ይደነግጣሉ፤ ወንጀል የተገኘባቸው ይመስላቸዋል። ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ቀናት ጧትና ማታ ቫዝሊን መቀባት ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ጨርሶ የማይነበብ ከሆነ ሕጉ ራሱ መላ አለው፤ አሻራ መስጠት የማይችል ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ አይከለከልም።

የልጅ ልጆቻችሁን ወላጆቻቸው ሳይኖሩ ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ ሁለቱም ወላጆች የፈረሙበት፣ በውልና ማስረጃ ወይም በሚኖሩበት አገር ሕጋዊ አካል የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። እናት ብቻዋን ልጆቿን ይዛ ስትጓዝም የአባት ደብዳቤ ቢኖር ከብዙ ጣጣ ያድናል። ሕፃንም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል።

ዱባይ ያለችው የእህቴ ልጅ ለምን ቀረች? ፈቃድ ማግኘቷን እስክታረጋግጥ ጠብቃ ማመልከቻዋን ያስገባችው እኛ ልንሄድ አንድ ወር ሲቀረው ነበር። መልሱ ሲደርስ እኛ ተመልሰን ሻንጣችንን አራግፈናል። ፈቀዱላት፤ ግን የሚያስፈልጋት ቀን አልፎ ነበር። ገንዘቧ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የልጅነት ጓደኛዋን፣ ልጄን፣ ካየቻት ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ከደረስን በኋላ

ያረፍነው ስሊማ በሚባል የባሕር ዳር ሰፈር በተከራየነው ቤት ነው። ምርጫው የእኔ ነበር። ዋና ከተማዋ ቫሌታ በጣም ታምራለች፤ ግን ኮረብታ ላይ የተሠራች ስለሆነች ብዙ መንገዷ ደረጃ ነው። ስሊማ ባሕሩን ተከትሎ የሚሄድ ሰፊና ደልዳላ የእግር መንገድ አላት፤ በየጥቂት እርምጃው መቀመጫ አለ፤ ከዚያ ወደ ቫሌታ ትንሽ ጀልባ ያሻግራል። ከወደቡ ወደ ቫሌታ አናት ለመውጣት ባራካ የሚባለው የአትክልት ቦታ ድረስ የሚያደርስ ሊፍት አለ፤ ቁመቱ 58 ሜትር ነው። ከላይ ሆኖ እኩለ ቀን ላይ የሚተኮሰውን መድፍ ማየት ለልጆች ትልቅ ነገር ነው። ታናሺቱ ጆሮዋን ይዛ እጄ ውስጥ ተሸጎጠች፤ ለእኔ ደግሞ ከመድፉ ይልቅ ይኼ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቱሪስቱ ሁሉ በጥድፊያ የሚያልፈው ረጅም ሕንፃ አለ። ዛሬ የስብሰባ ማዕከል ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው ግን ለሆስፒታልነት ነው። ደሴቲቱን ከ1530 ጀምሮ ያስተዳደሩት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ከጦረኝነታቸው በፊት በሽተኛ አስታማሚዎች ነበሩ፤ ሆስፒታሉም የእነሱ ነው። ትልቁ የሕሙማን ክፍል 155 ሜትር ይረዝማል። እኔ የሠራሁባቸውን ክፍሎች በሐሳቤ ደርድሬ ብቀጥላቸው እንኳ አይደርሱበትም። ሌሎች ሆስፒታሎች ሁለትና ሦስት ሰው አንድ አልጋ ላይ በሚያስተኙበት ዘመን እዚህ ለአንድ በሽተኛ አንድ አልጋ ይሰጥ ነበር። ምግብ የሚቀርበው በብር ሳሕን ነው። የከበሩ ቤተሰብ ልጆች የሆኑት ፈረሰኞች በተራቸው እየመጡ በእጃቸው ያቀርቡ ነበር። በኋላ በ1798 ናፖሊዮን ደሴቲቱን ሲይዝ ብሩ ተዘርፎ ቀለጠ። አንድ የሥራ ዘመኔን ሙሉ በሽተኛን በስሙና በማዕረጉ መጥራት አለብን እያልኩ ስከራከር ለኖርኩ ሰው፣ ከዚያ ክፍል መውጣት ከባድ ነበር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አሳየኝ።

ማልታን እኛ የጤና ባለሙያዎች በሌላም ስም እናውቃታለን፤ በማልታ ትኩሳት። በሕክምና ስሙ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ሕመም ተሕዋስ በ1887 እዚያ ያገኘው እንግሊዛዊው የጦር ሐኪም ዴቪድ ብሩስ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ለብዙ ዓመት አልታወቀም ነበር። በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለ ማልታዊ ሐኪም የፍየሎችን ደም መርምሮ ደረሰበት፤ ጤነኛ የሚመስሉ ፍየሎች በወተታቸው በሽታውን ያስተላልፉ ነበር። ያን ጊዜ ማልታ ውስጥ ፍየል በየደጁ እየተነዳ ደንበኛው ፊት ይታለብ ነበር። ለወታደሩ የፍየል ወተት ሲከለከል በሽታው ከሠፈሩ ጠፋ ማለት ይቻላል። ይህ በሽታ በእኛም አገር በከብቱና በአርብቶ አደሩ መሐል አለ። ልብ በሉ፤ ገጠር ዘመድ ዘንድ ስትሄዱ ለልጅ የሚሰጠው ጥሬ ወተት ይፈላ። «እኛ ጥሬውን ጠጥተን አድገናል» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። የሚመጣ የሚሄድ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ይዟቸው ዓመት ሙሉ «ወባ ነው» እየተባሉ የተመላለሱ ሰዎችንም አውቃለሁ።

የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ደግሞ ደሴቲቱን የሚያውቃት መላጥያ በሚለው ስም ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰባብሮ የወጣባት ይህች ናት። በመርከቡ ላይ 276 ነፍስ ነበረ፤ ዝናብና ብርድ ነበርና የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። የደሴቲቱ አለቃ አባት በትኩሳትና በተቅማጥ ታሞ ተኝቶ ነበር የሚለውንም ነርስ አትረሳውም። ማልታዎች ይህን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 10 ቀን ያከብራሉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ቋንቋቸው ነው። ማልትኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ሴማዊ ነው፤ ከአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች መሐል ሴማዊው እሱ ብቻ ነው። ራስ «ራስ» ነው። ምላስ «ኢልሲን» ነው፤ ልሳን ማለታቸው ነው። ደም «ደም»፣ ሞት «መውት» ነው። ቅዳሴ «ኡዲሳ» ይሉታል፤ ቀ እና ቃ ጉሮሯቸው ውስጥ ስለሚዋጥ ነው። «አይን» ሲሉ ዓይንም የውኃ ምንጭም ነው፤ እኛ የውኃ ዓይን እንደምንለው። አውቶቡስ ላይ አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ እመቤት ሳንቲም ስትቆጥር «ሐምሳ፣ ሲታ፣ ሰብዓ» ስትል ሰማኋት። ሐምሳዋ አምስት ነው እንጂ የእኛ ሃምሳ አይደለም፤ ባለቤቴ ገበያ ላይ በዚህ ሊሳሳት ምንም አልቀረውም። እንግሊዝኛ ሁለተኛው የሥራ ቋንቋቸው ስለሆነ መግባባት አያስቸግርም።

ምግቡ ላይ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። የአገሩ ምግብ ተብሎ የሚቀርበው ጥንቸል ነው። ለማይበላ ሰው «ፌኔክ» የሚለውን ቃል አውቆ መራቅ በቂ ነው። ለጾም የሚሆን ግን ሞልቷል። ቢጊላ የሚሉት ከደረቅ ባቄላ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ አለ፤ ፉል የሚወድ ሰው ቤቱ ያለ ይመስለዋል። ቲማቲምና የወይራ ዘይት የተቀባው ዳቦም መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ ቱና ይጨምሩበታልና ያለ ዓሣ በሉ። ፓስቲዚ የሚባለው የአተር ሳምቡሳ መሳይ ግን ሊጡ በምን ቅባት እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቧንቧው ውኃ ከባሕር ውኃ ጨዉ ተጣርቶ የሚወጣ ስላለበት የማያሳምም ቢሆንም ጣዕሙ ላንዳንዱ አይመችም፤ እኛ የታሸገ እየገዛን ጠጣን።

የአያቶችን መድኃኒት በተመለከተ ነርስነቴ ይታዘዝልኝ። የደም ግፊትም የስኳርም መድኃኒት ለጉዞው ቀናት የሚበቃና አንድ ሳምንት ትርፍ ተደርጎ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ኢንሱሊን በፍጹም በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ሻንጣውም ሊጠፋ ይችላል። ከሐኪም የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ዋናውን ስምና መጠኑን በእንግሊዝኛ ያስጽፉ። አውሮፕላን ላይ በየሰዓቱ ተነስቶ መራመድ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት የእግርን እብጠትና የደም መርጋትን ይከላከላል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ጋር ከተስማማ ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም ጥቅምት ይሻላል። የአደጋ ስልክ 112 ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አያቶች ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በጥቅሉ እንደማይሸፍን ይወቁ፤ ቪዛ ባይጠየቁም ዋስትና ይግዙ። መንገዱን ስትሻገሩ ደግሞ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ እንግሊዞች እስከ 1964 ስለገዟቸው መኪና የሚነዱት በግራ በኩል ነው። የቻርጀሩም ሶኬት እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነው።

ለልጆች ባሕር ጋዲራ የሚባለው አሸዋማ ዳርቻ ጥሩ ነው፤ ውኃው ሩቅ ድረስ ጥልቀት የለውም። ጎዞ የምትባለው ሁለተኛ ደሴት በመርከብ ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ናት፤ የሚከፈለው ሲመለሱ ነው። እዚያ ያለው የጅጋንቲያ የድንጋይ መቅደስ ከግብፅ ፒራሚዶች ይቀድማል። ማርሳሽሎክ በሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ደግሞ ጀልባዎቹ ፊታቸው ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ተስሎባቸዋል፤ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ይላሉ። ባለቤቴ «ቡዳ እዚህም አለ» ብሎ ሳቀ።

ያ ባሕር ግን ለእኛ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ከማልታ ወደ ደቡብ ያለው የሊቢያ ባሕር ዳርቻ ነው። ከ2002 ጀምሮ በርካታ የአፍሪካ ቀንድ ልጆች፣ የእኛም ጭምር፣ በዚያ በኩል በጀልባ ማልታ ደርሰዋል፤ ያልደረሱትን ቁጥራቸውን እግዚአብሔር ያውቃል። በሚያዝያ 2007፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 2015፣ ስደተኞች የጫነች መርከብ ስትሰምጥ የሃያ አራት ሰዎች አስከሬን ወደ ማልታ መጣ። ማቴር ዴኢ በሚባለው ሆስፒታል ግቢ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ጸሎት አድርጎ አዶሎራታ በሚባለው መካነ መቃብር ቀበሯቸው። ስማቸው አልታወቀም። አንድ ጧት ልጆቹ ሲዋኙ እኔና ልጄ ሄደን ነበር። መካነ መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ ሰፊ ነው፤ የጥድ ዛፍ አለው። አበባ የሚሸጡት ከበሩ አጠገብ ነው። ልጄ ምንም አልተናገረችም፤ እኔም። ስንመለስ አማቼ ልጆቹን አድርቆ ዳቦ ቆርሶ እየጠበቀን ነበር።

የእህቴ ልጅ ለመጪው ጥቅምት እንደገና ታመለክታለች፤ በዚህኛው ከጀርመኑ ልጄና ከእኛ ጋር። ፈቃዷን አሠሪዎቿ በጽሑፍ ሰጥተዋታል። የዱባይ መኖሪያዋ ከጉዞው በኋላም ብዙ ወራት ይቀረዋል፤ ይህም ይጠየቃልና አይተናል። ማመልከቻዋን በሐምሌ መጀመሪያ ታስገባለች። እኔ የበኩሌን የእናቷንና የእኔን እህትማማችነት የሚያስረዱትን ወረቀቶች አስተርጉሜ ልኬያለሁ፤ ቀኑንም ስሙንም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።